በሷ ስልክ ላይ ያደገው የልጅ ልጄ

የልጅ ልጄ መጀመሪያ በእግሩ የሄደ ጊዜ ዜናውን የሰማሁት ከሌላ ሴት አፍ ነው።

አምና ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። ወረታ ገበያ ወጥቼ፣ እንደ ልማዴ ትንሽ ላርፍ ወደ ወዳጄ ቤት ጎራ አልሁ። በሩን ከፍታ፣ ገና ዘንቢሌን ከእጄ ሳትቀበለኝ፣ "እልል በይ እንጂ!" አለችኝ።

"ምን ተገኘ?"

"ሄደልን እኮ! አራት እርምጃ! ከሶፋው ተነስቶ እስከ እናቱ ጉልበት። አምስተኛው ላይ ዘጭ አለ እንጂ ሄዷል።" ከዚያ ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ "ቪዲዮውን አላየሽውም እንዴ? ላንቺም ልካልሻለች እኮ" አለች።

"አይቸዋለሁ" አልኋት።

አላየሁትም። ቪዲዮው ከትናንት በስቲያ ስልኬ ላይ ደርሷል። ስነካው ግን መሐሉ ላይ ያለችው ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ሞክሪ ትለኛለች። ሁለት ቀን ሙሉ ልጄ ከሥሩ የጻፈችውን "እማዬ ጉድ እዪ" የምትል ቃል ብቻ ሳነብ ነበር። አይቸዋለሁ ካልሁ በኋላ ደግሞ እስቲ አሳዪኝ ማለት አልቻልሁም። ወዳጄ "አወዳደቁ አላሳቀሽም?" ስትለኝ፣ "አሳቀኝ እንጂ" አልኋት። ስልኳ አጠገቤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ልጄ ያለችበት፣ የልጅ ልጄ የሚራመድበት ስልክ። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። አልዘረጋሁም።

ይችን ወዳጄን በደንብ ማስተዋወቅ አለብኝ። ከባለቤቴ ጋር የምኖረው ከወረታ ወደ ጣና በኩል ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ነው። እሱ ሩዝ ያመርታል፤ እኔ እዚያው ቀበሌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ወዳጄ ከአዲስ አበባ አስተማሪ ሆና ተመድባ እኛ ዘንድ ስትመጣ ገና ልጅ እግር ነበረች። እኔ ስምንት ዓመት እበልጣታለሁ። የሚከራይ ቤት ስላልነበረ ግቢያችን ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ሰጠናት። ጭቃውን ስታይ ያለቀሰችው ልቅሶ እስካሁን ይወራል። የፎገራ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ጫማ ይቀበላል እንጂ አይመልስም። ሁለት ጥንድ ጫማ ቀብራ በሦስተኛው ቦቲ መጫማት ለመደች። ልጄ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች እታለም፣ እታለም ትላታለች። ቤተሰብ ሆንን። ከጊዜ በኋላ ወዳጄ ወረታ ከተማ ተዛወረች። አግብታም ነበር፣ አልሰመረም። ልጅ አልወለደችም።

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ እኛ ቀበሌ ሁለተኛ ደረጃ ስለሌለ ወረታ መማር ነበረባት። የሌላው ሰው ልጅ አራት አምስት ሆኖ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ከቤት እየተላከለት ነው የሚማር። የኔን ግን ወዳጄ "እኔ እያለሁ!" ብላ ወሰደቻት። አራት ዓመት እሷ ቤት ኖረች። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ልጄ ለበዓል በመጣች ቁጥር አነጋገሯ ሌላ፣ ጠጉሯን የምትይዝበት ሌላ፣ "እታለም እንዲህ ነው የምታደርገው" የሚል ቃል ከአፏ የማይጠፋ ሆነ። የወር አበባዋ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ የነገረችው ለሷ እንደነበር ከዓመት በኋላ ሰማሁ። ያች ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረች።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሐዋሳ ሥራ አገኘች፣ እዚያው አገባች፣ ካቻምና ሰኔ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጇን ማረስ የናት ወግ ነው። ገንፎዋን የማገነፋው፣ ልጁን የማጥበው እኔ መሆን ነበረብኝ። የወለደችው ግን መንገዱ በተዘጋበት ሳምንት ነው። መንገዱ ሲከፈት ውሃው መጣ። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ባለቤቴን በሬ ረግጦት እግሩን ሰበረው። "እማዬ አትጨነቂ፣ አማቴ አለች" አለችኝ ልጄ በስልክ። "ደግሞ በቪዲዮ ታይዋለሽ። ዘመኑ እኮ ሌላ ነው።"

ዘመኑ ሌላ ነው። እኛ ቀበሌ ግን ገና አልደረሰም።

ስልኬ አናት ላይ አንዲት የፈረንጅ ፊደል ትቆማለች። ለተማሪዎቼ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሳስቆጥር አምስተኛ ላይ የምትመጣው ናት። እሷ ካለች ድምፅ ይሠራል፣ መደወል ይቻላል፤ ምስል ግን አይታሰብም። ወረታ ላይ ያች ፊደል ጠፍታ በቦታዋ ቁጥር እንደሚመጣ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ገበያ ስወጣ ሌባ ፈርቼ ስልኬን ቤት ትቼ ነበር የምሄድ። ሌላ አገር ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ይወጣል አሉ። እኛ ምን ላይ እንውጣ? ፎገራ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው። ከፍ ያለ ነገር ቢኖር ውሃውን ለመመለስ የተካበው አፈር ነው፤ እሱም ላይ ቆሜ ሞክሬአለሁ። ባለቤቴ ማሳው ውስጥ ሆኖ ቀና ሲል አየኝና፣ "ምን ሁነሽ ነው? ሽመላ መሰልሽ እኮ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ልጄ ፎቶ ስትልክልኝ መጀመሪያ ብዥ ያለ ቡኒ ነገር ይመጣል። ያ የልጅ ልጄ ነው ማለት ነው። ጧት የጀመረው አንዳንድ ቀን ከሰዓት ይጠራል፣ አንዳንድ ቀን እንደ ቡኒ ይቀራል። የቪዲዮ ጥሪ ስንሞክር ደግሞ የልጄ ፊት አፏን እንደ ከፈተች ደርቆ ይቆማል። ድምፅዋ ከወዲያ እየተቆራረጠ፣ "እማዬ፣ ይታይሻል? ልጁ ይታይሻል?" ይላል።

"ይታየኛል!" እላለሁ። የሚታየኝ የጣራቸው አምፖል ነው።

ወዳጄ ግን ታየዋለች። አስፋልቱ ዳር፣ ከሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ምን ይሳናታል? በተገናኘን ቁጥር ትነግረኛለች። ጥርስ አወጣልሽ፣ ከታች በኩል፣ ሁለት። ትናንት ሲታጠብ አየሁት፣ ውሃ ሲወድ! ሲስቅ ቀኝ ጉንጩ እኮ ስርጉድ ይላል። የልጅ ልጄ ጉንጩ ስርጉድ እንደሚል አላውቅም ነበር። የባለቤቴ እናት ጉንጭም እንደዚያው ነበር፤ ከኛ የወጣ ነገር ነው። የነገረችኝ ግን ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ናት። "አዎ፣ የባለቤቴን እናት ነው የመሰለ" አልሁ፣ ዝም ብዬ፣ እንዲያው እንዳላወቅሁ እንዳታውቅብኝ።

ጥፋቱ የስልኩ ይሆናል ብለን ሩዙ ከተሸጠ በኋላ አዲስ ስልክ ገዛን። ያው ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አዲሱን ስልክ ይዤ ወረታ አንድ ጥገና ቤት ገባሁ። ጠጋኙ ገለበጠው፣ ከፈተው፣ መረመረው።

"ስልክዎ ደህና ነው፣ እናቴ። የት ነው የሚኖሩት?"

ነገርሁት።

"እንግዲያ ቦታው ነው። ይኸው እዚህ ይሠራል" አለና መለሰልኝ።

እውነትም እጄ ላይ እያለ ስልኩ ይንጫጫ ጀመር። ወራት ሙሉ ታፍኖ የከረመው ሁሉ ተለቀቀ። አንዱን ነካሁት፣ ወዲያው ተከፈተ። እዚያው ባንኮኒው አጠገብ ቆሜ ማየት ያዝሁ። ሲቀመጥ አየሁ። ሲድህ አየሁ። ሙዝ ፊቱን ሁሉ ሲለቀልቅ አየሁ። አራቱን እርምጃ አየሁ፣ አወዳደቁም እውነትም ያስቃል፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ስስቅ ሰዉ ያየኛል።

መጨረሻ ላይ ያለውን ባልነካው ይሻለኝ ነበር። የቀረጸው የልጄ ባል ነው። ልጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የናቱን ስልክ በሁለት እጁ ይዟል። ስልኩ ውስጥ ወዳጄ አለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርግና "ኩኩሉ!" ብላ ትገልጠዋለች። ልጁ ከሳቁ ብዛት ወደ ኋላው ሊወድቅ ይደርሳል። ደገመችለት። ሦስተኛው ላይ ልጁ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ሳማት፤ መስተዋቱን በምራቅ አራሰው። ከዚያ "እማማ" አለ።

"ጎበዝ! እማማ ናት፣ አዎ!" አለች ልጄ፣ ከኋላ ሆና።

እማማ የምባለው እኔ ነበርሁ። ሳይወለድ በፊት ከልጄ ጋር ተነጋግረን ነበር። አያቴ ካለኝ ያስረጀኛል፣ እማማ ይበለኝ ብያት ስቀን ነበር።

"እናቴ፣ ሰው ይጠብቃል" ሲለኝ ነው ጠጋኙ፣ ያለሁበትን ያስታወስሁት።

ወዳጄ ቤት ከዚያ አምስት ደቂቃ አያስኬድም። ስሄድ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር፤ ይህን እመኑኝ። የተማሪ ፈተና እያረመች አገኘኋት። ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዘች ተነስታ አቀፈችኝ።

"በደህና ጊዜ መጣሽ! አሁን ልደውልላትና ልጁ ከሁለታችንም ጋር ይጫወት" ብላ ስልኳን አነሳች።

"ተይ፣ አትደውዪ" አልሁ።

"ለምን?"

"ሥራ በዝቶባታል። አንቺ ስትደውዪ ልጁ እየተበጠበጠ አልተኛም ይላታል። ባሏም ይህ ቤት ሁልጊዜ ስልክ ነው ብሎ አኩርፏል። ላንቺ መንገር ከብዷት ለኔ ነገረችኝ።"

ቃሉ ተራ በተራ፣ ሳይደነቃቀፍ ነው የወጣ። ሳጠናው የሰነበትሁ ይመስል ነበር። ወዳጄ ስልኩን ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

"እውነት?"

"እውነት።"

"እኔ እኮ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነው" አለች። "ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ? ሰው ቤት እንደዚህ እየገባሁ... በጣም አፈርኩ።"

ያን ቀን ምሳ ሳታበላኝ አለቀቀችኝም። ወደ ቤቴ ስመለስ፣ እናንተን አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው አንድ ቀን ቆየ።

ልጄ በሳምንቱ ደወለችልኝ። "እማዬ፣ እታለም ምን ሆናለች? አትደውልም። ስደውልላትም ቶሎ ብላ ትዘጋለች።"

"የፈተና እርማት ነው። ደግሞ ክረምት ሥልጠና አለባት። ተያት፣ ትረፍ" አልኋት።

እንዲህ ሆኖ ሐምሌ አለፈ። አሸነፍሁ ማለት ነው። ያሸነፍሁት ምን እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። ያች ፊደል ስልኬ አናት ላይ እንደ ቆመች ናት፤ ክቧም እንደምትዞር ናት። ቀድሞ ወዳጄ ነበረች ጥርሱን፣ ሳቁን፣ መውደቅ መነሳቱን እየነገረች በዓይነ ሕሊናዬ የምታሳየኝ። እሷን ዝም ሳሰኛት የልጅ ልጄን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ልጄ በስልክ "ደህና ነው፣ አድጓል" ትላለች፤ ልጅ ለናቷ እንዲህ ነው የምትል። ወዳጄ ግን ዝርዝር ታውቅበት ነበር። እኔን ደግሞ ሲያቃጥለኝ የከረመው ያ ዝርዝር ነው። ባለቤቴ እንኳ፣ "ጓደኛሽ ምነው ድምፅዋ ጠፋ? ተጣላችሁ እንዴ?" አለኝ። "ማን ያጣላናል?" ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞላ። ውሃ መምጣቱ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሩዙም የሚወደው እሱን ነው። የአምናው ግን በአንድ ሌሊት ግቢያችን ገብቶ አደረ። ባለቤቴ ከብቶቹን ይዞ አስፋልቱ አጠገብ ወዳለው ደረቅ መሬት ወጣ። እኔ እህሉን ቆጥ ላይ ሰቅዬ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር እየተጠራራሁ ቀረሁ። ለሕይወታችን የሚያሰጋ አልነበረም፤ እኛ እናውቀዋለን። ችግሩ ኔትወርኩ ጭራሽ ጠፋ። ያች የጠላኋት ፊደል እንኳ ናፈቀችኝ። ሐዋሳ ያለች ልጄ ግን በዜና ፎገራ በውሃ ተዋጠ የሚለውን ብቻ ሰምታ፣ ስትደውል ስልኬ ዝግ ነው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከመንገዱ በኩል አንድ ታንኳ መጣ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ቆመው በረዥም እንጨት ይገፋሉ። ከፊት አንድ ሰው ላስቲክ ለብሶ፣ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ተክሎ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ተቀምጧል። ሲቀርብ አየሁት። ወዳጄ ናት። ባሕር ዳር ሄደን ገዳም እንሳለም ስንላት ጀልባ አልወጣም ብላ ዳር ላይ የቀረች ሴት ናት።

ደጄ ላይ ስትወርድ ውሃው ጭኗ ደረሰ። "አለሽ?" አለችኝ።

"አለሁ።"

"አለሽ!" ብላ ትከሻዬን በጡጫ መታችኝ፣ ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። "ልጅሽ ልታብድ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትደውልልሽ! ትናንት ለኔ ደወለች።"

"አነሳሽላት?" አልሁ። አመለጠኝ።

ቀና ብላ ትክ ብላ አየችኝ። "አነሳሁላት" አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። "በይ ነጠላሽን ያዢና ውጪ። ወረታ ሄደን ድምፅሽን ትስማ።"

ታንኳው ላይ እሷ ከፊት፣ እኔ መሐል፣ ሽማግሌው ከኋላ ሆነን ሄድን። ከሥራችን የሩዙ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል።

"ጠየቅኳት" አለች መሐል መንገድ ላይ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ምኑን አላልኋትም።

"ባልሽ አኩርፏል ወይ አልኳት። ምን ሲል ያኮርፋል አለችኝ። ምን አድርጌሽ ነው ሁለት ወር ሙሉ የጠፋሽብኝ ብላ አለቀሰችብኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ምን እላታለሁ? እናትሽ ዋሸችኝ ልበላት? ስልኬ ተበላሽቶ ነው አልኳት።"

ለኔ ብላ ዋሽታልኛለች። ይህን ስሰማ ከታንኳው ወርጄ በእግሬ ብሄድ በወደድሁ ነበር።

"ቀናሁ" አልሁ። ሌላ የሚያምር ቃል ፈልጌ አጣሁ። "ሳመሽ እኮ። ስልኩን ሳመው። እማማ አለሽ። ጉንጩ ስርጉድ ማለቱን እንኳ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።"

ያን ጊዜ ዞረች። ውሃ መፍራቷንም ረሳችው። "አንቺ ቀናሽ? እኔስ? አራት ዓመት አብስዬ ያበላኋት፣ ወባ ሲይዛት ያስታመምኳት ልጅ ሠርግ ላይ እናት ተብሎ ከፊት የተቀመጠው ማን ነው? እኔ ከእድምተኛ ጋር ነበርኩ። ቅር ብሎኝ አልነበረም ወይ? ብሎኝ ነበር። ምን አልኩሽ? ምንም። አንቺ ልጅ አለሽ፣ የልጅ ልጅ አለሽ፣ ደም አለሽ። እኔ ያለኝ ኔትወርክ ነው። እሱን ቀማሽኝ።"

ታንኳው ግራና ቀኝ ተናጠ። ሽማግሌው እንጨታቸውን ተከሉና፣ "ቀስ በሉ ልጆቼ፤ ታንኳ ንዴት አይችልም" አሉን። ሁለታችንም ጎኑን ጨበጥን።

"ይቅር በይኝ" አልኋት።

"እሺ" አለች። ያ እሺ ገና እሺ እንዳልሆነ ከድምፅዋ አወቅሁት።

ቤቷ ስንደርስ የሷን ደረቅ ልብስ አለበሰችኝና ለልጄ ደወለች። ወዲያው፣ አንዴ ጠርቶ፣ የልጄ ፊት ቁልጭ ብሎ መጣ። ከዓይኗ ሥር የጠቆረው እንኳ ይታያል። አልቅሳ ተቆጣችኝ፣ ተቆጥታ አለቀሰች። ወዳጄ ስልኩን ለኔ ሰጥታ ራቅ ብላ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ልጁ እንዳያያት ሆን ብላ ነው።

ከዚያ ልጁ መጣ። አየኝ። አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊቴን አያውቀውም። ዓይኑ በስልኩ ጥግ ጥግ ዞረ፤ ማንን እንደሚፈልግ አውቄአለሁ። ምን ላድርግ፣ ሁልጊዜ በድምፅ ስንደውል የምለውን አልሁት።

"እንዴት ዋልህ፣ የኔ ጌታ? እማማ ነኝ።"

ልጁ ቀጥ አለ። የአገጩ መንቀጥቀጥ ቆመ። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጁ ከናቱ ቀምቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ስልኩ ሙሉ ጆሮ ሆነ፤ ትንሽ፣ ጠይም፣ ከጫፉ ጠጉር ያለበት ጆሮ።

"አየሽ?" አለች ልጄ ከወዲያ እየሳቀች። "ያንቺን ድምፅ ሁልጊዜ ጆሮው ላይ ነው የማደርግለት። አንቺን በጆሮው ነው የሚያውቅሽ፣ እማዬ።"

አወራሁለት። ስለ ውሃው፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ አያቱ እግር፣ የመጣልኝን ሁሉ። ትንፋሹን እሰማለሁ። አልተወራጨም፣ አልሳቀም፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ቀና ስል ወዳጄ በሩ ላይ እንደ ቆመች ነው፤ ፈገግታ አፏ ላይ አለ፣ ዓይኗ ግን ሌላ ነገር ይላል።

"ለኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ዝም ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም" አለች።

ያን ስትል ያየሁባትን አውቀዋለሁ። የኔው ነው። በሰው ፊት ላይ ሲታይ እንደዚያ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። "ነይ ቅረቢ፣ ይይሽ" አልኋት። መጣች። ልጁ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ሲያያት በሳቅ ፈነዳ፣ እኔም እንደገና አረርሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረታ እሄዳለሁ። አብረን እንደውላለን። እኛ ቀበሌ ምሰሶ ይተከላል ይባላል፤ ከተባለ ቆይቷል። ቅናቱ ለቆኛል ብል እግዜር ይታዘበኛል። ልጁ ማንን ቀድሞ እንዳየ እቆጥራለሁ፤ እሷም እንደምትቆጥር አውቃለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ከሷ ጋር ሲጫወት ይረዝምብኛል። አሁን ግን ሲረዝምብኝ እነግራታለሁ። "በቃሽ፣ አምጪ" እላታለሁ፤ "ጆሮውን ውሰጂ፣ ፊቱን ተዪልኝ" ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት "ላም" ማለት ተማረ። ያስተማረችው እሷ ናት፣ ከመጽሐፍ ሥዕል። ይህ ግን አልተዋጠልኝም። "ላም ያለው እኛ ቤት!" አልኋት። "ወረታ ፎቅ ላይ ሆነሽ ምን ላም ታውቂያለሽ?"

"እንግዲያ ቅረጪለትና ላኪለት" አለችኝ።

ቀረጽሁ። ላማችን ውሃ ስትጠጣ፣ ጥጃዋን ስትልስ፣ ባለቤቴ ከጎን ሆኖ "ና አያትህ ጋ፣ ወተት አለ" ሲል። ከቤት መላክ አይታሰብምና ስልኬን በቦርሳዬ ይዤ ወረታ ወጣሁ። ከወዳጄ ሳሎን፣ ከራሴ ስልክ ላክሁት። ዓይን ሳይርገበገብ ደረሰ።

ሁለታችንም ስልኬን መሐል አስቀምጠን መልስ ጠበቅን። የጮኸው የሷ ስልክ ነው። ልጄ የልጁን ድምፅ ቀርጻ ልካለች፤ ልጁ ላም፣ ላም፣ ላም እያለ ይጮሃል።

"ለምንድን ነው ላንቺ የላከችው?" አልሁ።

"እኔ እንጃ" አለች ወዳጄ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። "ስልኩን ስትነካው የኔ ስም ከላይ ሆኖ ይሆናላ።"

ተናድጄ ዘንቢሌን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ ቁጭ አልሁና፣ "በይ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ" አልኋት።